ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር

ሻንጣው ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ቁጥሩ ሮጠ፣ ወደ ኋላ መለስ አለ፣ ትንሽ አመነታና ቆመ። ከተፈቀደው በታች ነበር፤ ያውም በአንድ ጥንድ ካልሲ።

"አየህ?" አለ ባልየው ወደ ሚስቱ ወንድም ዞሮ። "ይሄ እጅ ሚዛን ነው። የስንቱን ሰው ዕቃ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲጭን የኖረ እጅ ነው።"

"ጋሼ፣ አትቸኩል፤ ገና ነው" አለ ወንድምየው። "እነዚህ ሰዎች ሳያራግፉህ አይለቁህም። በሻንጣው ብታልፋቸው በውሃው ይጠብቁሃል፤ በውሃው ብታልፋቸው በብርድ ልብሱ። አውሮፕላን እንዳይመስልህ፤ ክንፍ ያወጣ ሚኒባስ ነው።"

"ሚኒባስም ቢሆን ይደርሳል።"

"እሱስ ይደርሳል፤ ተሳፋሪው ነው ተሰባብሮ የሚደርሰው። ተመቸን ብላችሁ ከተመለሳችሁ፣ በወንድ ቃሌ፣ ቀጣዩን ጉዞዬን እኔም በዚሁ እሄዳለሁ።"

ሚስትየው በሁለቱ መካከል ቆማ የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ቦርሳው ውስጥ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝና በገዛ እጇ የሠራቻቸው የሹራብ ሥራዎች አሉ። አውሮፕላኑ ላይ አንዲት ነገር እንደማትገዛ ወንድሟ ፊት ምላለች፤ እሱ እንደሚለው እዚያ ላይ አንድ ኩባያ ሻይ እዚህ ለቤተሰብ የሚበቃ ምሳ ነው። ወንድሟ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ለዕቃ ግዢ በየጊዜው ስለሚበር፣ ስለ አውሮፕላን እሱ ባለበት ሌላ ሰው አፉን አይከፍትም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ልጃቸው የወለደች ዕለት ነው። ልጅቷ የምትኖረው ባሕር ማዶ፣ ቀኑን ሙሉ ተበሮ የሚደረስበት አገር ነው። "እማዬ፣ ቶሎ ድረሽልኝ" አለች በስልክ። "ባሌ ሥራ ሲሄድ እኔና ሕፃኑ ተያይተን እናለቅሳለን።" በማግስቱ የአንድ ሰው የትኬት ገንዘብ ላከች፤ ያውም በታወቀው አየር መንገድ፣ ምግቡም ትራሱም ፊልሙም በዋጋው ውስጥ ያለበት። እናትየው ግን ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት እንኳ ግድግዳ የምትይዝ ሴት ናት። ብቻዬን ሰማይ ላይ አልወጣም ብላ ቁጭ አለች።

ይኼኔ ነው ባልየው ስልኩን ይዞ ጓዳ የገባው። ሲወጣ ፊቱ በርቷል። "በዚሁ ገንዘብ ሁለታችንም እንሄዳለን" አለ። ስሙን ሰምተውት የማያውቁት አንድ አየር መንገድ አለ፤ ምግብ አይሰጥም፣ ብርድ ልብስ አይሰጥም፣ ወንበሩ ወደ ኋላ አይተኛም፤ ነገር ግን በአንዱ ሰው ዋጋ ሁለት ሰው ይወስዳል። ወንድሟ ይህን ሲሰማ ራሱን ይዞ ጮኸ። ርካሽነቱ እስኪያስከፍላችሁ ነው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ከዚህ ሌላ ወሬ ጠፋ።

ሚስትየውን የረታት ግን ዋጋው አልነበረም። "አጠገብሽ ነው የምቀመጠው" ያላት ነው። "ከመነሻ እስከ መድረሻ፣ እጅሽን ይዤ።"

ይህ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው። ለእሷ ግን አልነበረም። ባልየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ረዳት ቢኖረውም ሰው በማስቀመጥ ማንንም አያምንም፤ ራሱ ተነስቶ "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ!" እያለ ያደላድል ስለነበር መናኸሪያው ሁሉ ጠጋ በሉ እያለ ይጠራዋል። እሷ ደግሞ የሠራችውን ሹራብ ይዛ በየሳምንቱ በእሱ አውቶቡስ ወደ ሌላው ከተማ ገበያ ትሄድ ነበር። የምትቀመጠው ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ነው። ትዳራቸውም የተጀመረው ከዚያው ላይ ነው፤ እሱ በስፖኪዮ ሲሰርቃት፣ እሷ አላየሁም ስትል። ከተጋቡም በኋላ አልተለወጠም። እሱ መንገዱን ሲያይ እሷ ማጅራቱን ስታይ ዕድሜያቸው ሄደ። "ፊቱን ከማውቀው ይልቅ ማጅራቱን አውቀዋለሁ" ትላለች ሰው ሲጠይቃት። ትስቃለች፤ ግን ይከነክናታል። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድም ቀን ተጉዘው አያውቁም።

የመግቢያ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ሁለት የመሳፈሪያ ካርዶች አትማ ሰጠቻቸው። ባልየው መነጽሩን አወጣ፤ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ እንደገና አንዱን አየ።

"ልጄ፣ የተሳሳትሽ መሰለኝ። ይሄ ዘጠነኛ ረድፍ ይላል፤ ይሄኛው ደግሞ ሠላሳ አንደኛ። እኛ እኮ ባልና ሚስት ነን።"

"አልተሳሳትኩም አባቴ። ቦታ ስላልመረጣችሁ ኮምፒውተሩ ነው የመደባችሁ።"

"ምረጥ ሲለኝ አየሁት። ግን ክፈልም አለኝ! ትኬት ከቆረጥኩ በኋላ ለወንበር የምከፍለው፣ አለበለዚያ ቆሜ ልሄድ ነው እንዴ?"

ልጅቷ አልሳቀችም። ወንድምየው ወዲያው ቦርሳውን አወጣ። "አሁን ብንከፍልስ?"

"ሞልቷል። ጎን ለጎን የቀረ ቦታ የለም።"

"አላልኳችሁም?" አለ ወንድምየው። እህቱን ይወዳታል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ግን ልክ ነኝ ማለትን ደግሞ በጥቂቱ አስበልጦ ይወድ ነበር። ፊቱ ላይ ሐዘንና ደስታ ተቀላቅለው ሲታገሉ ቆዩና ሐዘኑ በመከራ አሸነፈ። "እትዬ፣ ካልሆነልሽ ቅሪ። ሌላ ጊዜ እኔ ራሴ በደህናው አየር መንገድ እልክሻለሁ።"

"አንተ ሌላ ጊዜ እስክትል የልጅ ልጄ ሊዳር ነው።"

ወደ ባሏ ዞረች። መናኸሪያ ሙሉ ሰው በአንድ ቃል ያደላድል የነበረው ሰውዬ መሬት መሬት ያያል።

"አጠገብሽ ነኝ ብለኸኝ ነበር።"

"ብዬ ነበር" አለ።

ካርዷን ከእጁ ወስዳ ቀደም ብላ ሄደች። በፍተሻው አላናገረችውም። በመጠበቂያው አዳራሽ አላናገረችውም። አውሮፕላኑ በር ላይ፣ እሱ ወደ ኋላ ሊያልፍ ሲል፣ ክንዷን ነካ አደረገው፤ እሷ ግን ዘወር ሳትል ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ገብታ ተቀመጠች። ልቧ ተሰብሮ ነበር፤ ቁጣው ለመሸፈኛ ነው።

ወንበሩ የመሃለኛው ነበር። ጉልበቷ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ነካ። በመተላለፊያው በኩል የራሱን ወንበር ሞልቶ ወደ እሷ የፈሰሰ ወፍራም ነጋዴ አለ። በመስኮቱ በኩል አንዲት ተማሪ ተቀምጣ በየደቂቃው አንገቷን እያስረዘመች ወደ ኋላ ታያለች።

"እኔ ሁለተኛ በዚህ አየር መንገድ አልሄድም!" አለ ነጋዴው ቀበቶውን ለመግጠም እየታገለ።

"የመጀመሪያዎ ነው?"

"ስድስተኛዬ ነው።"

አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር ሚስትየው ወንበሯ ላይ ተለጠፈች። ዓይኗን ጨፈነች፣ እጇን ዘረጋች፣ ያገኘችውን ያዘች። ያገኘችው የተማሪዋን እጅ ነበር።

"አይዞዎት እማማ። እኔም እፈራለሁ።"

"ከፈራሽ ታዲያ ወደ ፊት እይ እንጂ። ምን ጥለሽ መጥተሽ ነው ወደ ኋላ የምታዪው?"

"ጓደኛዬ ሃያኛው ረድፍ ላይ ናት። አብረን ነው የምንሄደው። ለቦታ መምረጫ ስላልከፈልን ነው የለያዩን።"

"እናንተም አልከፈላችሁም?"

"ኧረ እማማ፣ ማን ይከፍላል!"

ሚስትየው ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች። ባሏ ብቻውን ሞኝ አለመሆኑ ቁጣዋን ትንሽ አበረደው።

የቀበቶው መብራት እንደጠፋ ተነሳች። ነጋዴው እያጉረመረመ አሳለፋት። የወንበሮቹን ጫፍ እየያዘች፣ እግሯን ሰማይ ላይ እየረገጠች መሆኑን ላለማሰብ እየሞከረች ወደ ኋላ ሄደች። ሃያኛው ረድፍ ስትደርስ መንገዱ ተዘጋ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሊወጡ ነው፤ ከአጠገባቸው ያለች ወጣትና ጫፍ ላይ ያለ አንድ ጎልማሳ ሁለቱም መነሳት ነበረባቸው።

"ይቅርታ ልጆቼ። ይቅርታ። አስቸገርኳችሁ" ይላሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸው ቀልቶ። ጎልማሳው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ይህ ቀና ማለት የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያስታውቃል። ሽማግሌው በፍጥነት ወደ ኋላ፣ ወደ መጸዳጃው አመሩ።

ሠላሳ አንደኛው ረድፍ የመጨረሻው ነው። ባሏ በመተላለፊያው በኩል፣ ከመጸዳጃው በር ፊት ለፊት ተቀምጧል። በሩ በተዘጋ ቁጥር ጆሮው ሥር ይጮሃል፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ትከሻው ላይ ይደገፋል። እሱ ግን ይህን አላስተዋለም። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ያያል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

"ምን ሆነሃል?"

"ምንም አልሆንኩም።"

ዝቅ ብላ አየች። ቀኝ እግሩ ተወጥሮ ወለሉን ረግጧል።

"ፍሬን ይዘሃል" አለችው።

እሱም ዝቅ ብሎ የሰው እግር ይመስል ተመለከተው። "አልለቅ አለኝ። ከተነሳን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ታፋዬ ደንዝዟል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሜቴ፣ ሰውየውን አላየሁትም እኮ። ድምፁን ብቻ ነው ያሰማን። ይሄ ሁሉ ሰው ፊቱን ያላየውን ሹፌር አምኖ እንዴት ሙዝ ይልጣል?"

"እኔም የአንተን ፊት አይቼ አልነበረም። ማጅራትህን አምኜ ነው የኖርኩት።"

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። አውሮፕላኑ ትንሽ ነጠር ሲል እጁ ባዶ አየር ላይ መሪ ፈለገ። በዚህ ጊዜ ገባት። እጅሽን ይዤ እሄዳለሁ ያለው ለእሷ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ የነዳ ሰው ሌላ ሲነዳው መቀመጥ አይችልም፤ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ይህን ሊነግራት አፍሮ፣ ለእሷ ብሎ እንደሚያደርግ ሆነ። ሳቅም ልቅሶም በአንድ ላይ መጣባት። የራሷ ፍርሃት የት እንደሄደ አላወቀችም፤ ብትፈልገውም አጣችው።

"ታዲያ ለምን ቦታ አታቀያይርም? አንተ እኮ ጠጋ በሉ ነህ!"

"ያ በገዛ አውቶቡሴ ነው። እዚህ እኔ ዕቃ ነኝ። ቅድም አንቺ ጋ ልምጣ ብዬ ስነሳ ያቺ አስተናጋጅ 'አባባ ይቀመጡ' አለችኝ።" ጉልበቱን እያየ ጨመረ፣ "ተቀመጥኩ።"

እንዲህ ሲል የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን መሰላት። አንጀቷን በላው። እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈችና ቀና ብላ አውሮፕላኑን ከኋላ እስከ ፊት አየችው። ረጅም ነው፣ ጠባብ ነው፣ ሰው ሞልቶታል። አውቶቡስ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ባሏ ሰው ሲያደላድል ስንት ዓመት አይታለች። የዋዛ ሥራ እንዳልሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ማንንም ተነስልኝ ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ በስፖኪዮ ያያል፦ ማን ይቁነጠነጣል፣ ማን ወደ ኋላ ያያል፣ የማን ጉልበት አልገባም ብሏል። አዲስ ረዳት ሲመጣለት የሚነግረው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ቦታ የሚለቅልህ አንተን አዝኖልህ አይደለም፣ የጎደለውን ስታሳየው ነው። እሷ ከጀርባው ሆና ሹራቧን እየሠራች ይህን ሁሉ ሰምታለች። አሁን ቆማ በዓይኗ ቆጠረች። ተማሪዋ ጓደኛዋን ትፈልጋለች። ከጓደኛዋ አጠገብ ያሉት ሽማግሌ በሩን ይፈልጋሉ። በሩ ያለው ደግሞ ባሏ ጋ ነው።

አስተናጋጇ የምግብ ጋሪዋን እያዘጋጀች ነበር። "ልጄ፣ ተሳፋሪ ተስማምቶ ቦታ ቢለዋወጥ ያስቀጣል?"

"እርስ በርስ ከተስማማችሁ ችግር የለውም እናቴ። ባዶ ቦታ ላይ ልሂድ ካሉ ግን ይከፈላል።"

"ባዶውን ምን ላደርግ! እኔ የምፈልገው የሞላውን ነው።"

ሽማግሌው ከመጸዳጃው ሲወጡ ጠብቃ ጠጋ አለቻቸው፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን አለሳለሰች።

"አባቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ይሄ የባለቤቴ ቦታ ነው። ከእሱ ጋር ቢለዋወጡስ?"

ሽማግሌው ወንበሩን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እሷን አዩ። "ልጄ፣ እኔ እኮ ለዚያ መስኮት ጨምሬ ከፍያለሁ። ገንዘቤን መሬት ጥዬ ልምጣ?"

"ልክ ነዎት። በመስኮቱ ምን አዩ?"

"ደመና።"

"ሌላስ?"

አሰቡ። "ደመና።"

"እዚህ ደግሞ ማንንም አያስነሱም፤ ማንንም ይቅርታ አይሉም። እንደ ቤትዎ ይነሳሉ፣ እንደ ቤትዎ ይቀመጣሉ። ያ ጎልማሳም ጣሪያ ጣሪያ አያይብዎትም።"

ሽማግሌው ሊስቁ ሲሉ ራሳቸውን ያዙ። "አይተሽዋል ማለት ነው? መንገዱ ገና ምኑ ተነካ፣ ከአሁኑ ሦስት ጊዜ አየብኝ።" ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ግን ይሄ በር ሲዘጋ መድፍ ነው። ጆሮዬ ይፈርሳል።"

ሚስትየው ቦርሳዋን ከፈተች። ከእንቁላሉ ሥር የሕፃኑ ጫማ፣ የሕፃኑ ካፖርት፣ ከዚያ ለልጇ ባል የሠራችው ወፍራም ግራጫ የሹራብ ቆብ ነበር። ቆቡን አውጥታ ራሳቸው ላይ አጠለቀችና እስከ ጆሯቸው ድረስ ሳበችው።

"አሁን ይሰማዎታል?"

"ምን አልሽ?"

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ቆቡን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፤ ሞቃቸው። "ይሄን ልትወስጂብኝ ነው?"

"የእርስዎ ነው። ለአማቼ እንደደረስኩ ሌላ እሠራለታለሁ። ዕድሜ ለልጁ፣ ከእንግዲህ ሥራ ፈትቼ አልቀመጥም።"

"እንግዲያ መስኮቱ ይቅርብኝ" አሉና ባሏን ትከሻውን ነካ አደረጉት። "ተነስ ወዳጄ። ቦታዬ ላይ ነህ።"

ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ነበር። ዘጠነኛው ረድፍ ሄዳ ለተማሪዋ ነገሩን ሹክ ስትላት ልጅቷ ሳታስጨርሳት ቦርሳዋን አነሳች። ነጋዴው እንደገና መነሳት ግድ ሆነበት። "ይሄ ነው የርካሽ ነገር ጣጣው! ሰው አርፎ አይቀመጥም!" አለ። ሚስትየው እንቁላል አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። አየው፤ እሷንም አየ፤ ጋሪው ላይ ያለውን የሳንድዊች ዋጋ ሳያስታውስ አልቀረም። "ጨው ይዘሻል?" አለና ራሱ ወደ መተላለፊያው ወጣ።

ተማሪዋ ወደ ኋላ ስትሄድ፣ ባሏ ከኋላ ሲመጣ፣ ጋሪውም ሲንቀሳቀስ መሃል ላይ ተጠላለፉ። ሻንጣ የሚያወርድ ሰው ቆመ። ሁለት ሰዎች ምን ተፈጠረ ብለው ተነሱ። አስተናጋጇ አፏን ልትከፍት ስትል፣ ከዘጠነኛው ረድፍ በኩል አውሮፕላኑን ሙሉ የሞላ ድምፅ ወጣ።

"ጠጋ በሉ! እስቲ ጠጋ ጠጋ! አንተ ወንድሜ ግባ፣ አንቺ እለፊ፣ ጋሪው ወደ ኋላ! እንዲህ ነው! በርቱ!"

ሰዉ ተጠጋ። ጋሪው ወደ ኋላ ተመለሰ። ሻንጣ የያዘው ሰው ሳይታወቀው ቁጭ አለ። ሃያኛው ረድፍ ላይ ሁለቱ ተማሪዎች ተቃቅፈው ሲጮሁ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ የቀረውም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተከተለው። ባልየው መተላለፊያው መሃል ቆሞ ቀረ። የገዛ ድምፁን ከሚስቱ አፍ መስማቱ ነው። እንደዚህ ስትናገር አይቷት አያውቅም፤ በእውነቱ እሱ ሲነዳ እሷ ስታደርግ የኖረችውን አብዛኛውን ነገር አይቶት አያውቅም።

"ምን ታፈጣለህ?" አለችው። "መንገድ ዘጋህ። ግባ!"

ገባ። መስኮቱ በኩል ተቀመጠ፤ እሷ አጠገቡ፣ ነጋዴው እንቁላሉን እየላጠ ዳር ላይ። ጉልበቱ እንደ እሷ ጉልበት የፊተኛውን ወንበር ነካ። ክንዳቸው ተደራረበ፤ ወንበሩ ከመጥበቡ የተነሳ ቢፈልጉም መራራቅ አይችሉም ነበር። እንዲህ ያለ ጥበት ከፍለውም ባላገኙት።

"ከየት ተማርሽው?" አላት ቆይቶ።

"ከሹፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር።"

 እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ። መዳፉ አልቦት ነበር፤ አጥብቃ ያዘችው።  አሸንፋለች፤ ኮምፒውተሩን፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ልጅ፣ ወንድሟን፣ ሁሉንም። ወንድሜ ይዘጋጅ፣ አለች በልቧ፤ ቃሉን እንዲያጥፍ አልፈቅድለትም፤ ቀጣዩን ጉዞ በዚሁ ይሄዳታል።

አውሮፕላኑ እንደገና ነጠር ነጠር አለ። ወለሉ ላይ ቀኝ እግሩ ሲወጠር አየች።

"ልቀቀው" አለችው።

"ማን ይይዘዋል?"

"እኔ አለሁ። ዛሬ ተራዬ ነው። አንተ ተኛ።"

"እኔ በሚሄድ ነገር ላይ ተኝቼ አላውቅም።"

"አውቃለሁ። ከኋላህ ነበርኩ እኮ።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ክንፍ፣ ሰማይ፣ ደመና፤ የሚጠበቅ ጠመዝማዛ የለም፣ የሚሻገር ከብት የለም። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ የመስኮቱን መዝጊያ በገዛ እጁ ወደ ታች ሳበው፤ ራሱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። መጀመሪያ የጨፈነ መስሎ ያዳምጥ ነበር፤ የሞተሩን ድምፅ እየለካ መሆኑን ከግንባሩ መቋጠር አውቃለች። ቀስ እያለ ግንባሩ ተፈታ። አፉ በትንሹ ተከፈተ። ወለሉ ላይ ቀኝ እግሩ ላላና ወደ ጎን ዘመም አለ።

ጋሪው ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ደረሰ። አስተናጋጇ ያቺው ናት፤ አሁን ሚስትየውን ስታይ ትስቃለች። "እናቴ፣ የሚጠጣ ላቅርብልዎት?"

"ሻይ ስንት ነው?"

አስተናጋጇ ዋጋውን ነገረቻት፤ እሷም እያፈረች ነበር። ነጋዴው እንቁላሉን እንደጎረሰ ራሱን ነቀነቀ። "ተይው እህቴ፣ ዝርፊያ ነው።"

ሚስትየው ወደ ትከሻዋ አዘነበለች። የተኛውን ሰው አየችው። ከቅንድቡ በላይ አንዲት ትንሽ ጠባሳ አለችው፤ ከየት እንደመጣች ጠይቃው አታውቅም፤ እንዲህ ቀርባ ደግማ ደጋግማ አይታት ስለማታውቅ ነው። ሲነቃ ትጠይቀዋለች። መንገዱ ገና ረጅም ነው።

"ለእሳቸውስ?" አለች አስተናጋጇ። "ልቀስቅሳቸው?"

"ተይው፣ ይተኛ። ለእኔ ብቻ ስጪኝ" አለችና እንዳይነቃ እየተጠነቀቀች በነጻው እጇ ቦርሳዋን ከፈተች።

"ውድ ነው እኮ" አለ ነጋዴው።

"ርካሽ ነው" አለችው፤ ሻይዋንም የተኛውን ባሏን ፊት እያየች ቀስ ብላ ጠጣች።